ኳሱን ከማስቆማችሁ በፊት ሪፖርት ካርዱን አንብቡት

ደብዳቤው

«ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ትልቁ ልጄ 15 ዓመቱ ነው፣ ዘንድሮ 10ኛ ክፍል ገብቷል። እዚህ አገር የመጣው በ8 ዓመቱ ነው። ከኦገስት ጀምሮ ለትምህርት ቤቱ የጄቪ (ከዋናው በታች ያለው) ቡድን ኳስ ሲጫወት ከረመ። ባለፈው ሳምንት የመጀመሪያው ሩብ ዓመት ሪፖርት ካርድ መጣ። ስፖርትና ሥዕል ኤ፣ እንግሊዝኛና ታሪክ ቢ፣ ባዮሎጂና ስፓኒሽ ሲ፣ ጂኦሜትሪ ዲ። አባቱ ዲዋን እንዳየ 'ከዛሬ ጀምሮ ስፖርት የሚባል ነገር የለም፣ አሜሪካ የመጣነው አንተ ኳስ እንድታራግብ አይደለም' አለው። ልጁ ከዚያ ወዲህ ክፍሉን ዘግቶ ነው የሚውለው። ለብርዱ ወቅት የሩጫ ቡድን ሊገባ አስቦ ነበር። አንድ የግል ክለብም ጠርቶታል፣ ክፍያው ግን በሺዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። 'በኳስ ስኮላርሺፕ አግኝቼ ኮሌጅ በነጻ እማራለሁ' ይላል። እኔ ሌሊት ነርሲንግ ሆም እሠራለሁ፣ አባቱ ኤርፖርት ታክሲ ነው፣ እስካሁን አንድም ጨዋታውን አላየንለትም። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ 'ጥፋቱ የትምህርት ቤቱ ነው፣ ሬቲንጉ ዝቅተኛ ነው፣ ፖቶማክ ግቡ' ትለኛለች። ፖቶማክ ቤት የምገዛበት ብር ቢኖረኝ ሌሊት ምን አሠራኝ? ማንኛችን ነን ልክ? የሁለት ልጆች እናት።»

መልሱ

እህቴ፣ ቀጥታውን ልንገርሽ። ስፖርቱን አታስቁሙት። ባለቤትሽ የተናደደው ግን በከንቱ አይደለም። ዲ ዲ ነው፣ የሒሳብ ዲ ሲሆን ደግሞ ዝም ተብሎ አይታለፍም። ችግሩ ቁጣው ላይ ሳይሆን ቁጣው ያረፈበት ቦታ ላይ ነው።

መጀመሪያ ካላንደሩን እንይ። ሜሪላንድ ውስጥ የሃይስኩል እግር ኳስ ኦገስት አጋማሽ ላይ ይጀመርና የጄቪው ጨዋታ ኦክቶበር ሲወጣ አብሮ ያልቃል። ሪፖርት ካርዱ የመጣው ኖቬምበር ነው። ስለዚህ አባቱ የከለከለው ኳስ ድሮውንም አልቋል። የሚቀጥለው የትምህርት ቤት ኳስ የዛሬ ዘጠኝ ወር ገደማ ነው። በተግባር የተቆረጠው የሩጫው ቡድን ነው፣ ማለትም ልጁን እስከ ፌብሩዋሪ ድረስ ከትምህርት በኋላ ከጓደኞቹና ከአንድ ኃላፊነት ካለበት አዋቂ ጋር የሚያውለው ነገር። እናንተ አካባቢ ሃይስኩል የሚለቀቀው 2፡30 ላይ ነው (በእኛ ስምንት ሰዓት ተኩል)። አንቺ በዚያ ሰዓት ለሌሊቱ ሥራ እንቅልፍ እየሰረቅሽ ነው፣ አባቱ ኤርፖርት ወረፋ ላይ ነው። እና ልጁ ከ2፡30 እስከ ማታ ምን ሊያደርግ ነው? ጂኦሜትሪ ሊያጠና? በሩን ዘግቶ ስልኩን ይዞ ነው የሚውለው፣ አንቺም በደብዳቤሽ የነገርሽኝ ይህንኑ ነው። እልህ ደግሞ ምላጭ ያስውጣል። የ15 ዓመት ልጅ እልህ ሲገባው ሌላውን ሲ ሁሉ ዲ ሊያደርገው ይችላል፣ አባቱን ለመቅጣት ሲል ብቻ።

አሁን ካርዱን አብረን እናንብበው። ሰባት ትምህርት ነው። ኤ 4፣ ቢ 3፣ ሲ 2፣ ዲ 1 ነጥብ ይይዛል። የልጅሽ ሁለት ኤ 8፣ ሁለት ቢ 6፣ ሁለት ሲ 4፣ አንድ ዲ 1። ድምሩ 19፣ ለሰባት ሲካፈል 2.7 አካባቢ። የእናንተ ካውንቲ፣ የሞንትጎመሪ፣ ትምህርት ቤቶች ደንብ አንድ ተማሪ ለመጫወት በሩብ ዓመቱ ቢያንስ 2.0 አማካይ እንዲኖረውና ከአንድ በላይ እንዳይወድቅ ይጠይቃል። (እዚያ የወደቀ ተማሪ የሚያገኘው ኤፍ ሳይሆን ኢ ነው፣ ብዙ ወላጅ «ኢ» ሲያይ «ኤክሰለንት» መስሎት ደስ ብሎት ያልፈዋል፣ ተጠንቀቂ።) በዚህ ደንብ ልጅሽ ነገ ሄዶ መሮጥ ይችላል። ትምህርት ቤቱ አላገደውም፣ ያገደው ቤቱ ነው።

ይህን ስልሽ ግን «እንግዲያው ደህና ነው» ማለቴ እንዳይመስልሽ። 2.0 ማለት ሁሉም ሲ ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ያሰመረው መስመር ልጁ ጨርሶ እንዳይወድቅ የሚጠብቅ እንጂ ልጁን ኮሌጅ የሚያደርስ አይደለም። እኔ ብሆን የቤቱን መስመር ከዚያ ከፍ አደርገዋለሁ። ለምሳሌ «ከሲ በታች ካለ ውድድር የለም፣ ልምምድ ግን ይቀጥላል» ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ይገባሻል? ልምምዱ እስካለ ልጁ ከቡድኑ አልተቆረጠም፣ ኮቹም (አሠልጣኙም) ነገሩን ያውቀዋል፣ ከአባቱ ይልቅ ኮቹ «ያ ጂኦሜትሪህ የት ደረሰ?» ሲለው ይሰማል። ያሳዝናል፣ ግን በዚህ ዕድሜ እንደዚያ ነው። ኮቹን ሳትነግሩ ግን እንዲህ ዓይነት ቅጣት አትጀምሩ። ልጁ ራሱ ሄዶ ይንገረው። ኮቾች ለዚህ እንግዳ አይደሉም፣ ውጤት የሚከታተሉት የራሳቸውም ተጫዋች እንዳይታገድባቸው ነው።

ባለቤትሽን በተመለከተ አንድ ነገር ልበል፣ ቢቻል ጮክ ብለሽ አንብቢለት። በእኔ ዕድሜ ከሆነ የተፈተነው ማትሪክ ነው። ማትሪክ ማለት ሁሉም ነገር ያለቀበት ሳምንት ማለት ነበር። ከዚያ በፊት ብትጫወት ብትሰንፍ፣ ያቺን ሳምንት ከሠራሃት ሠራሃት። አሁንም አገር ቤት ያው ነው፣ እንዲያውም ብሶበታል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በዓመቱ 3.2 ሆነ። እንዲህ ካለ አገር የመጣ አባት ኳስ ሲያይ ቢደነግጥ አልፈርድበትም። ከመቶ ሦስቱ ባለፉበት ቦታ ኳስ የሚጫወት ልጅ በርግጥም ያስደነግጣል።

እዚህ ግን ያቺ ሳምንት የለችም። ይህ ደግሞ በአንድ በኩል ደስ ይላል፣ በሌላ በኩል ደግሞ ባለቤትሽ ከሚያስበው በላይ ያስፈራል። ምክንያቱም ኮሌጅ የሚያየው ትራንስክሪፕት (የውጤት መዝገብ) ከ9ኛ ክፍል የመጀመሪያ ሴሚስተር ጀምሮ የተጠራቀመ ነው። የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ፣ ኮሌጅ ፓርክ ያለው፣ ቅድሚያ ለማግኘት ኖቬምበር 1 ማመልከት ያስፈልጋል። ልጅሽ ያን ቀን 12ኛ ክፍል ከገባ ገና ሁለት ወር ገደማው ይሆናል። የሚያሳያቸው ውጤት እንግዲህ የ9ኛ፣ የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ነው። 9ኛው አልፏል። የቀረው ይህ ዓመትና የሚቀጥለው ነው። «12ኛ ሲደርስ ይበረታል» የሚባለው የአገር ቤት ተስፋ እዚህ አይሠራም፣ 12ኛ ሲደርስ ወረቀቱ ተልኳል።

ደግነቱ ይቺ ዲ ገና አልጸናችም። ትራንስክሪፕት ላይ የሚጻፈው የሴሚስተር ውጤት ነው፣ የሴሚስተሩ ደግሞ ከሁለት ሩብ ዓመት ተዳምሮ የሚሰጥ ነው። ሴሚስተሩ ጃንዋሪ መጨረሻ አካባቢ ያልቃል። አሁን በመሃል ያለው ጊዜ ነው ገንዘቡ። በዚህ ጊዜ ቤት ውስጥ መኳረፍ ይዛችኋል፣ እሱ ነው ያናደደኝ።

ስለዚህ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ ዲዋ ከየት መጣች? ይህን ማንም አልጠየቀም፣ ደብዳቤሽም ውስጥ የለም። ፓረንትቪው የሚባለውን አፕ ስልክሽ ላይ ጫኚ። ከሌለሽ መክፈቻ ኮዱን የትምህርት ቤቱ ቢሮ ይሰጥሻል። ግቢና ጂኦሜትሪውን ክፈቺ። እያንዳንዱ የቤት ሥራ፣ እያንዳንዱ ኩዊዝ ከነውጤቱ ተደርድሮ ታገኚዋለሽ። እዚያ ላይ ከሁለት ነገር አንዱን ታያለሽ። ወይ ልጁ ያስገባው ሥራ ደህና ሆኖ መሃል መሃል ላይ ባዶ አለ፣ ወይ ሁሉንም አስገብቶ ፈተናው ዝቅ ዝቅ ብሏል። የመጀመሪያው ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመው ነው፣ ወላጅም የማይገምተው እሱን ነው። በሦስት ሥራ 80፣ 80፣ 80 ያመጣ ልጅ ሁለት ሥራ ሳያስገባ ቢቀርና ዜሮ ቢያዝበት አማካዩ 48 ይሆናል። ይህ ልጅ ጂኦሜትሪ አልከበደውም። ማታ ከጨዋታ ሲመለስ ደክሞት «ነገ እሠራዋለሁ» ብሎ ረስቶታል። እንዲህ ከሆነ መድኃኒቱ ዛሬ ማታ ለመምህሩ ጽፎ የትኛውን ዘግይቶ ማስገባት እንደሚቻል መጠየቅ ነው፣ አንዳንዱ ይፈቀድለታል፣ አንዳንዱ ቀኑ አልፏል ይባላል። ግን ይጠይቅ።

ሁለተኛው ከሆነ፣ ማለትም ሁሉን አስገብቶ ፈተናው ከጣለው፣ ያኔ እውነትም አልገባውም ማለት ነው። ኳስ ብታስቆሙትም አይገባውም። መምህራኑ በምሳ ሰዓት ወይም ከትምህርት በኋላ የሚያግዙበት ቀን አላቸው፣ የትኛው ቀን እንደሆነ ልጁ ያውቃል፣ አለማወቁን ቢነግርሽ አትመኚው። ልምምድ ካለበት ቀን ጋር ቢጋጭ ልጁ 20 ደቂቃ ቢዘገይ ኮቹ አያባርረውም። የሒሳብ እገዛ ወረቀት ይዞ የሚመጣ ተጫዋች ለኮች የታወቀ ነገር ነው።

በቁጣው ቀን እንዲህ ቁጭ ተብሎ አልተነበበም። ዲዋ ብቻ ታየች። እንግሊዝኛውና ታሪኩ ቢ መሆኑን አንድ ሰው ነግሮታል? በ8 ዓመቱ ፊደል ቀይሮ የጀመረ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ስኮላርሺፑ። እዚህ ላይ ከልጁ ጋር አልስማማም፣ አንቺም ዝም አትበይው። የኮሌጅ ስፖርትን የሚያስተዳድረው ኤንሲኤኤ ራሱ የሚለው፣ ከሃይስኩል ስፖርተኞች ኮሌጅ ለመጫወት የሆነ ዓይነት ስኮላርሺፕ የሚያገኙት 2 በመቶ ያህሉ ናቸው። «የሆነ ዓይነት» የሚለውን አስምሪበት፣ ሙሉ አይደለም፣ ብዙ ጊዜ ቁራጭ ነው። ሃርቫርድና የል ያሉበት አይቪ ሊግ በስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። ዲቪዥን ሦስት የሚባሉት፣ በኤንሲኤኤ ሦስተኛ ደረጃ ያሉት ኮሌጆች በሙሉ በስፖርት አይሰጡም፣ የሚሰጡት በትምህርትና በቤተሰብ ገቢ ነው። ታዲያ በ10ኛ ክፍል ጄቪ ላይ ያለ ልጅ፣ ጎበዝ ቢሆን እንኳ፣ በዚያ 2 በመቶ ላይ የቤተሰብ ዕቅድ አይሠራም። ላም አለኝ በሰማይ ነው። ለክለቡም ሺህ ዶላሮች አትክፈሉ ባይ ነኝ። የግል ክለብ መጥፎ ነው አልልም፣ ገንዘብ የተረፈው ይክፈል፣ ግን አንቺ ሌሊት አዛውንት እያገላበጥሽ ያመጣሽው ብር «ስካውት (ተጫዋች መልማይ) ያየዋል» ለሚል ተስፋ አይውጣ። ቅናሽ ወይም ነጻ ቦታ ካላቸው ልጁ ራሱ ይጠይቃቸው፣ የፈለጉት ከሆነ ይነግሩታል።

ግን ህልሙን አትቀሚው፣ ተጠቀሚበት። በዲቪዥን አንድ ለመጫወት ኤንሲኤኤ 16 ዋና ዋና ኮርሶች ይጠይቃል፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ሶሻል የመሳሰሉትን፣ በእነሱ ላይ ደግሞ ቢያንስ 2.3 አማካይ። ከ16ቱ 10ሩ 12ኛ ክፍል ሳይገባ ማለቅ አለባቸው። ሥዕልና ስፖርቱ እዚያ ውስጥ አይቆጠሩም። ሁለቱን ኤ አውጪና የልጅሽን ካርድ እንደገና አስይው፦ 6 ሲደመር 4 ሲደመር 1፣ ማለትም 11 ለ5። 2.2 ይመጣል። ከመስመሩ በታች ነው። ይህን ወረቀት ላይ ጽፈሽ ስጪው፣ አትቆጪው፣ ሌላ ቃል አትጨምሪበት። «ኮሌጅ መጫወት የምትፈልግ ከሆነ ይቺ ጂኦሜትሪ ናት የከለከለችህ» የሚለውን ካርዱ ራሱ ይነግረዋል። አባቱ አንድ ሰዓት ጮኾ ያልደረሰበት ቦታ እንዲህ ይደረሳል።

አሁን ማንም ያላነሳውን ላንሳ፣ ለኔ ከዲዋም ይልቅ ይህ ነው የሚያሳስበኝ። ልጅሽ የሚማራቸው ኮርሶች ምን ደረጃ ናቸው? እዚያ ትምህርት ቤት አንዱን ትምህርት በመደበኛው፣ በኦነርስ (ጠንከር ያለው) ወይም በኤፒ (የኮሌጅ ደረጃ ያለው) ደረጃ መውሰድ ይቻላል። ተመሳሳይ ታሪክ፣ ተመሳሳይ ሕንፃ፣ ሁለት የተለያየ ክፍል። በኦነርስና በኤፒ የተገኘ ኤ በክብደት ስሌቱ 5፣ ቢ 4 ይያዛል። ኤፒ ደግሞ ሜይ ላይ አገር አቀፍ ፈተና አለው፣ ከ1 እስከ 5 ይታረማል፣ ጥሩ ያመጣ ልጅ በብዙ ኮሌጅ ክሬዲት ይያዝለታል። የኛ ልጆች ብዙዎቹ መደበኛው ላይ ይቀራሉ፣ ስላቃታቸው ሳይሆን የሚጠይቅላቸው ስላልነበረ። ወላጅ ትምህርት ቤት የመደበው ነው ብሎ ያስባል። አይደለም፣ ይመረጣል። ምርጫው የሚካሄደው ገና ከገና በኋላ ነው፣ ጃንዋሪና ፌብሩዋሪ፣ ለሚቀጥለው ዓመት። አንድ ማታ ልጁ ላፕቶፑ ላይ ጠቅ ጠቅ አድርጎ ይጨርሰዋል፣ አንቺ ሥራ ላይ ነሽ፣ ጓደኞቹ የመረጡትን መርጦ ይተኛል። አንድ የ11ኛ ክፍል ዓመት በዚያች ማታ ተወሰነ።

ልጅሽ ታሪክና እንግሊዝኛ ቢ አለው። እኔ ብሆን ለ11ኛ ቢያንስ አንዱን ወደ ኤፒ እንዲያወጣው የትምህርት ቤቱን አማካሪ፣ ካውንስለሩን፣ እጠይቃለሁ። ሒሳቡ ላይ አሁን አልገፋም፣ መጀመሪያ ይቁም። ደግሞ ሞንትጎመሪ ኮሌጅን አትርሱ። መስፈርቱን ያሟላ የሃይስኩል ተማሪ እዚያ ሲማር ትምህርቱ አይከፈልበትም፣ በሜሪላንድ ሕግ ነው፣ ብሉፕሪንት በሚባለው። ሃይስኩል እያለ የኮሌጅ ክሬዲት ይዞ የሚወጣ ልጅ በየዓመቱ አለ። እና «ኮሌጅ በነጻ» የሚለው የልጅሽ ህልም በአገሩ አለ፣ ብቻ በኳስ በኩል አይደለም።

ስለ በጎ ፈቃድ ሰዓቶቹም በአጭሩ። ሜሪላንድ ውስጥ ያለ የሕዝብ ትምህርት ቤት ተማሪ የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ሳይሠራ አይመረቅም፣ በእናንተ ካውንቲ 75 ሰዓት ነው። ስንት እንደያዘ ሪፖርት ካርዱ ላይ ወይም ፓረንትቪው ላይ ይታያል። እሑድ ቤተ ክርስቲያን መቀደሱ ወይም መስጊድ ማገልገሉ ለነፍሱ ነው፣ ሃይማኖታዊ የሆነ አገልግሎት አይቆጠርም። የምግብ ማደያ ላይ ዕቃ ሲያወርድ ቢውል ግን ሊቆጠር ይችላል፣ ድርጅቱ የተፈቀደ መሆኑን አስቀድሞ ማየት ነው። ሌላው ደግሞ ልጁ አማርኛ የሚያነብ የሚጽፍ ከሆነ፣ ሜሪላንድ ሁለት ቋንቋ ለሚችሉ ተመራቂዎች ዲፕሎማቸው ላይ ማኅተም ትሰጣለች። በአማርኛ እንዴት እንደሚፈተን ካውንስለሩን ይጠይቅ። ስፓኒሹ ሲ ከሆነበት አማርኛው ኤ ይሁንለት እንጂ።

የባልደረባሽን ነገር ብዙ አልፈጅበትም። በየድረ ገጹ ያለው ሬቲንግ በአብዛኛው የሚነግርሽ በአካባቢው ያለውን የቤተሰብ ገቢ ነው። ባለጠጋ ሰፈር ያሉ ልጆች በግል አስጠኚ የሚያመጡት ውጤት የትምህርት ቤቱ ውጤት ሆኖ ይጻፋል። ለልጅሽ ሬቲንጉ ሳይሆን የሚያየው ቁምነገር ኤፒ አለው ወይ፣ ካውንስለሩ ያውቀዋል ወይ የሚለው ነው። ደግሞ ቤት ሳትቀይሩ ትምህርት ቤት ብቻ ልቀይር ብትሉ፣ በካውንቲው ደንብ ልጁ አንድ ዓመት ከስፖርት ውጪ ሊሆን ይችላል። አባቱ ደስ ይለው ይሆናል፣ ልጁ ግን አይደለም።

አሁን ምን ታደርጊያለሽ? ለካውንስለሩ ኢሜይል ጻፊ። «ስለ ልጄ የጂኦሜትሪ ውጤትና ስለ ሚቀጥለው ዓመት ኮርስ ምርጫ መነጋገር እፈልጋለሁ፣ የአማርኛ አስተርጓሚ ይመደብልኝ» በይ፣ ከዚህ በላይ አያስፈልግም። እንግሊዝኛሽ ጥሩ ቢሆንም አስተርጓሚውን ጠይቂ፣ ለባለቤትሽ ሲባል። አስተርጓሚ ነጻ ነው፣ ትምህርት ቤቱ የማቅረብ ግዴታ አለበት። ያ ካውንቲ ከ150 ሺህ በላይ ተማሪ ያለበት፣ ለወላጅ የሚልከውን ማስታወቂያ በአማርኛም የሚያወጣ ነው፣ አታፍሪ። ልጁን ብቻ አስተርጓሚ አታድርጉት። የራሱን ዲ ራሱ ሲተረጉም ምን እንደሚል ታውቂያለሽ። ቀጠሮውን ለሁለታችሁም በሚመች ሰዓት አስይዢ፣ በስልክም ይሆናል፣ ባለቤትሽ ኤርፖርት ወረፋ ላይ ሆኖ መግባት ይችላል። አባት ሳይኖር የተወሰነ ነገር ቤት ሲደርስ እንደገና ጸብ ይሆናል።

አንድ ነገር ለባለቤትሽ በኔ ስም ንገሪው። እኛ ሐበሾች ከ1984 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ አብዛኛውን ዓመት ጁላይ አካባቢ ከስቴት ስቴት እየበረርን የኢትዮጵያውያንን የኳስ ውድድር እናያለን፣ ሆቴል እንከፍላለን፣ ፀሐይ ላይ ቆመን ሥጋ እንጠብሳለን። ማንም «ኳስ ያራግባሉ» አላለንም። ልጁ ግን ከቤቱ ጥቂት ደቂቃ ርቀት ላይ ሲጫወት ከርሞ አንድ ጊዜ አልታየለትም። ሥራ መሆኑ ይገባኛል፣ ታክሲ የማይነዳ ሰው አይፈርድም። ግን የሩጫ ውድድር አንድ ማታ ነው። ብርዱ ሲከፋ ትምህርት ቤቱ ኮሪደር ውስጥ ነው የሚለማመዱት፣ ከሎከሩ መሃል እየተሽቀዳደሙ፣ እሱንም ቢሆን ሊወስደው ሲመጣ አምስት ደቂቃ ቀድሞ ገብቶ ቢያየው ይበቃል። ልጁ አይቶት እንዳላየ ይሆናል፣ ያንን አትቁጠሩበት።

እና ሩጫውን ፍቀዱለት፣ ከላይ ባልኩት መስመር፦ ጂኦሜትሪው ሲ እስኪደርስ ልምምድ አለ፣ ውድድር የለም። ይህን ውሳኔ አባቱ ራሱ ቢነግረው ይሻላል፣ «እናትህ ለምናልህ» ተብሎ ባይሆን። አባት ቃሉን አጠፈ እንዳይባል «ካርዱን እንደገና አየሁት» ቢል በቂ ነው፣ እውነትም ነው። በሳምንት አንድ ቀን፣ ለምሳሌ እሑድ ማታ፣ ፓረንትቪውን ሦስታችሁ አንድ ላይ ክፈቱ፣ ባዶ ቦታ ካለ ያን ማታ ይጻፍለት። በየቀኑ አትክፈቺው። አንዳንድ እናት በሥራ ሰዓት በየሰዓቱ እየከፈተች ልጇንም ራሷንም ታሳብዳለች፣ መምህር እርማቱን ሳያስገባ ቀርቶ ዜሮ ታይቶ ቤት የታመሰበትን ስንቱን አንባቢ ጽፎልኛል።

አንድ የቀረ ነገር። የብርዱ ወቅት ስፖርት የሚጀመረው ኖቬምበር አጋማሽ ላይ ነው፣ ይህን የምታነቢው ደርሶ ይሆናል። የሩጫ ቡድን እንደ ኳሱ ሰው አይቀንስም፣ ብዙውን ጊዜ የመጣውን ሁሉ ይወስዳል። ግን ሐኪም የፈረመበት የጤና ምርመራ ፎርም ይጠይቃሉ። ለኳሱ ያስገባው ፎርም ጊዜው ያላለፈ ከሆነ ሊያገለግል ይችላል፣ የስፖርት ቢሮውን ይጠይቅ። ካለፈ ሰኞ ጠዋት ከሥራ ስትወጪ ሳትተኚ ክሊኒኩ ጋ ደውይ፣ ያለ ፎርሙ ኮቹ ልምምድ እንኳ አያስገባውም።